የማላን ሦስት አንጓዎች

በሰሜኑ ባሕር ደሴቶች ላይ ባለችው መንደራችን፣ ሪቱነስ ውስጥ፣ ሰው የሚጠራው በቤቱ ስም ነው። ማላንም ከተወለደች ጀምሮ «ማላን የጀልባ ቤቷ» ናት። በዓሣ ፋብሪካው ሠላሳ አንድ ዓመት ቢላዋ ይዛ ቆማለች። ግትር ናት ይሏታል። ግትርማ ናት! አንድ ክረምት ነፋስ የጣሪያዋን ቆርቆሮ ገንጥሎ ሲወስድባት ተራራው ማዶ ድረስ ሄዳ፣ አንድ በአንድ ለቅማ፣ በጀርባዋ ተሸክማ ተመለሰች። «አዲስ ግዢ እንጂ» ቢሏት «የራሴ እያለ?» ብላ አፋችንን አስያዘችን። ቆርቆሮው ዛሬም ጠማማ ነው፤ ግን አያፈስም።

የዚህ ነገር መነሻ ታላቅ ወንድሟ ዳንያል ነው። ዳንያል ሠላሳ ዓመት ሙሉ የመንደሩ አውራጅ ነበር። በኛ ደሴቶች ጭፈራ መሣሪያ የሚባል ነገር አያውቅም። እጅ ለእጅ ተያይዘን፣ ሁለት እርምጃ ወደ ግራ አንድ ወደ ቀኝ እያልን የእንጨቱን ወለል በእግር እንደቃለን። አውራጁ የግጥሙን አንጓ ያወርዳል፣ እኛ አዝማቹን እንቀበላለን፤ በቃ። የሪቱነስ ግጥም ደግሞ «የኡልቫር መርከብ» ነው፤ መቶ አሥራ ሁለት አንጓ አለው። ጀምሮ ለመጨረስ አንድ ሰዓት ከሩብ ይፈጃል፤ ጫማም ይጨርሳል።

ታዲያ ኖቬምበር ላይ ዳንያልን ስትሮክ መታው። ነፍሱ ተረፈች፣ ቀኝ ጎኑና ምላሱ ግን ታሰሩ። መቶ አሥራ ሁለቱ አንጓ እዚያው ውስጡ ተቆልፎበት ቀረ።

«አትጽፉትም ነበር?» የሚል አይጠፋም። ድሮ ግጥም ሰብሳቢ የተማረ ሰውዬ በየመንደሩ ሲዞር የማላን ቅድመ አያት ደጅ ደርሶ ነበር። ሰውዬው ኮፍያውን ስላላወለቀ ሽማግሌው ተናዶበት የመጀመሪያውን ግማሽ ብቻ ነግሮ ሸኘው፤ መጽሐፉ ላይ ያለው እሱ ግማሽ ነው። ዳንያልም የዚያው ሽማግሌ ዘር ነው፣ ወረቀት ሲያይ ያመዋል። በስልክ የቀዳንም ነበርን። ብትከፍቱት የሰማንያ ሰው እግር ነው የሚደቃው፤ በላዩ ላይ የቀጂው የራሱ ድምፅ አዝማቹን ይጮኻል።

ጃንዋሪ ላይ የጭፈራው ማኅበር ተሰበሰበ። ሊቀ መንበሩ ሃኑስ ነው፤ ደግ ሰው ነው፣ ፀብ ግን አይወድም፤ ፀብ ስለማይወድ ሁሉን ነገር ቶሎ ለመጨረስ ይቸኩላል።

«ዘንድሮ ለግሪጎርዮስ ቀን ከማዶ መንደር አውራጅ እንጋብዛለን» አለ። «አጠር ያለች ነገር ያወርድልናል፣ ቡናችንን ጠጥተን እንበተናለን።»

«የማንን ግጥም ነው የሚያወርደው?» አለች ማላን።

«የራሳቸውን ነዋ።»

«በኛ ወለል ላይ? እኔ ቆሜ?»

«ኧረ ተይ ማላን! አንቺማ ዘጠኝ ዓመት የቆምሽው ኩሽና ነው።»

ሃኑስ ራሱ ከአፉ እንደወጣ ፊቱ ቀላ። እውነቱን ነው ግን። ባሏ ሃይኒ ድንች እየቆፈረ ልቡ ቀጥ ካለበት ቀን ጀምሮ ማላን ክብ ውስጥ ገብታ አታውቅም። ጭፈራ ሲጀመር የኩሽናውን በር ዘግታ ፓንኬክ ትጠብሳለች፤ እቃ ታጥባለች፤ የታጠበውንም መልሳ ታጥባለች።

«ልክ ነህ» አለች ማላን ቀስ ብላ። «ዘንድሮ ግን እወጣለሁ። ኡልቫርን አወርደዋለሁ። ዘንድሮ ካልተወረደ ከርሞ ማንም አያስታውሰውም፣ ሞተ ማለት ነው።»

«መቶ አሥራ ሁለቱንም?»

«አይ፣ አሥሩን ላንተ ትቼ!»

«እሱስ ይሁን፤ ግን በቃል ያለ ይረሳል ሲባል አልሰማሽም?»

«ይረሳላ፣ እንዳንተ ያለው ከተሸከመው!»

ሰው ሳቀ፣ ሃኑስም አብሮ ሳቀ፤ ቃለ ጉባኤው ላይም ስሟ ተጻፈ። ሲወጡ ግን ከበሩ ጀምራ የመጀመሪያውን አንጓ ለራሷ ታጉረመርም ነበር። አውርዳ አታውቅማ! እንደ ሁላችንም ተቀባይ ነበረች።

እንዴት እንዳስታወሰችው ልንገራችሁ። የአዳራሹ ወለል ለሰማንያ ሰው ስለማይበቃ ክቡ ይታጠፋል፤ አንዱ እጥፍ ባንዱ ፊት ለፊት ያልፋል። በሪቱነስ ሁሉም ሰው ቦታ ቦታ አለው፣ የአባቱ ቦታ ነው፣ አይለዋወጥም። ስለዚህ ከማላን ቦታ ሆኖ ለሚያይ እያንዳንዱ አንጓ ሲወርድ በየዓመቱ ከፊት የሚያልፈው ያው አንድ ሰው ነው። ማላን ግጥሙን የያዘችው በሰው ፊት ነበር። ፊቱ ከመጣላት ግጥሙ ይመጣል።

ፋብሪካው ውስጥ ከፊቷ ቆማ ዓሣ የምትሰነጥቀው ዮሂልድ ጉዷን አየች። ማላን ቢላዋዋን አንሥታ ድርቅ ትላለች።

«እዚህ ጋ… አፍንጫው ትልቅ የሆነ ሰው ነበረ።»

«ቱማስ ነዋ፣ ነፍሱን ይማረው! ከሱ ሌላ አፍንጫ የነበረው ማን አለ?»

«ቱማስ! ‹ንጉሡ ተነሣ በቁጣ፣ ዙፋኑን በርግጫ ጥሎ…› ተመስገን!» ትልና ዓሣው ላይ ትወርድበታለች።

«የምትቆርጪው ዓሣውን ነው ወይስ ንጉሡን?» ትላለች ዮሂልድ። «ይልቅ ፍጠኚ፣ ዓሣው ተከምሯል።»

እሑድ እሑድ ከሰዓት በኋላ የያዘችውን ይዛ ዳንያል ጋ ወደ አረጋውያን መኖሪያው ትሄዳለች። እሱ መስኮቱ አጠገብ ወንበሩ ላይ ተቀምጦ ይጠብቃታል። ስታወርድ በግራ እግሩ ይመታላታል። ልክ ከሆነች እግሩ ይቀጥላል። ቃል ከሳተች እግሩ ይቆማል። አንጓ ከዘለለች ደግሞ በዘለለችው ልክ ወለሉን ኳ፣ ኳ ያደርጋል። እንዲያ ያለ አስተማሪ የትም አይገኝም፤ አንድ ጊዜ እንኳ «ደህና ነው» ብሎ አላለፋትም።

በፌብሩዋሪ መጨረሻ መቶ ዘጠኙን ያዘች። ሦስቱ እንቢ አሉ። ሰባ አንደኛውን ጨርሳ ወደሚቀጥለው ስትሻገር እግሩ ቀጥ ይልና ሦስት ጊዜ ይመታል። እንደገና ትጀምራለች፤ አሁንም ሦስት። የማን ፊት ነበር? ባዶ። ምንም ፊት አይመጣላትም። ዳንያል ሊነግራት አፉን ከፈተ፣ «ኡ… ኡ…» አለ፣ የአንገቱ ሥር ተገተረ፣ እንባው በጉንጩ ላይ ወረደ።

«ተው ወንድምዬ፣ አትታገል» አለችና ጉንጩን በመዳፏ ጠረገችለት። «እኔ አገኛቸዋለሁ።»

መንደሩን ቤት ለቤት ዞረች። እኔም ቤት መጥታለች። ምን ልበላት? ሠላሳ ዓመት ሙሉ እዚያው ቆሜ ስቀበል ኖሬ አንዲት መስመር አልያዝኩም። ደግሞ ለሁላችንም ልክ እዚያ ቦታ ላይ ነው የጠፋብን፤ ወገብ የሚያምበት፣ ቡናው የሚሸትበት ሰዓት ነው። አፈርኩ።

ማርች አሥራ ሁለት፣ የግሪጎርዮስ ቀን ደረሰ። እኛ ዘንድ ፀደይ የሚገባው በሱ ቀን ነው፤ ቻልዱር የምንላት ባለ ቀይ መንቁሯ ወፍ ከባሕር ማዶ ትመለሳለች። ዝናቡ እንደ ልማዱ ወደ ጎን ይዘንባል። ልጆቹ ባንዲራ ይዘው እስከ ወደቡ ሄዱ፣ መዘምራኑ ዘመሩ፣ ንግግር ተደረገ፣ ነፋሱ ግማሹን ወሰደው። ከዚያ ሁሉም ተጎትቶ ወደ አዳራሹ። ዳንያልን ከነወንበሩ አምጥተው ከግድግዳው ጥግ አስቀመጡት።

ሃኑስ ማላንን በር ላይ ያዛት።

«አገኘሻቸው?»

«አላገኘሁም።»

«ታዲያ ዝለያቸው! ከሰባ አንድ ወደ ሰባ አምስት። መቶ ዘጠኝስ ቢሆን ምን ይለዋል? ማንም አያውቅም።»

«ዳንያል ያውቃል።»

«ዳንያል እንደሆነ አይናገርም!»

«ለዚህ ነው የማልዘልለው» አለችው። «ዛሬ ሦስት ከዘለልኩ ከርሞ አምስት ትዘላላችሁ። አውቃችኋለሁ፣ ቡና ወዳዶች ናችሁ።»

«እዚያ ስትደርሺ ምን ልትሆኚ ነው?»

«ስደርስ አያለሁ።»

የዳንያል ቦታ ላይ ቁሚ ቢሏት ያንንም እንቢ አለች። ከበሩ አራተኛዋ ሆና የድሮ ቦታዋ ገባች። ዘጠኝ ዓመት ሆኗታል። በአንድ እጇ ዮሂልድን፣ በሌላው የቱማስን የልጅ ልጅ ያዘች፤ እሱም አፍንጫውን ወርሷል፣ ተመስገን። የመጀመሪያው አንጓ ተሰነጣጥቆ ወጣ። እኛ ግን ተቀበልን፦

«ቅዘፉ፣ ቅዘፉ፣ ንጋት ሳይቀድመን፣
ባሕሩ ነው እንጂ የብስ አይወደን!»

ሃያኛው ላይ ድምፅዋ ተከፈተ። አርባኛው ላይ መስኮቶቹ በትንፋሽ ላብ አወጡ። ወለሉ ከሥራችን ይነሣል፣ ይወርዳል። ፊቶቹ ያልፋሉ፣ ግጥሙም ይመጣል፤ የሞቱትም በልጆቻቸው ቅንድብና አገጭ እየመጡ ያቀብሏታል። ስልሳ፣ ሰባ። ሰባ አንደኛውን አወረደች፣ አዝማቹን ተቀበልን።

ያኔ አንገቷ በራሱ ዞረ። ማንም አላዘዘው። አገጯ ከፍ አለ፣ ከንፈሯ ሊስቅ ተዘጋጀ፣ ዓይኗ በምድጃውና በመስኮቱ መሃል ያለው ቦታ ላይ አረፈ። እዚያ የቆመው ከዴንማርክ የመጣው አዲሱ አስተማሪ ነው፤ የራሱ ቦታ ስለሌለው ክፍት ባገኘው ገብቷል፤ ጢሙ ላብ በላብ ሆኖ፣ እግሩ እንዳይሳሳት በፍርሃት ቁልቁል ያያል።

የሃይኒ ቦታ ነበር!

ሃይኒ ከአሥራ አራት ዓመቱ ጀምሮ፣ ልክ እዚህ አንጓ ላይ ከፊቷ ሲደርስ፣ ጉንጩን እንደተነፋ ዓሣ ነፍቶ ዓይኑን ያፈጥጥባት ነበር። ሊያስቃት ነው። እሷም ላለመሳቅ ከንፈሯን ነክሳ፣ ዓይን ዓይኑን እያየች፣ ሦስት አንጓ ሙሉ ትታገላለች። እጮኛ ሳሉም፣ ተጋብተው ሦስት ልጅ ወልደውም፣ ፀጉሩ ሸብቶም ያው ነው። ወንድሟ ሲያወርድ ጆሮዋ የት ነበረ? ሦስቱ አንጓዎች አልጠፉባትም፤ መጀመሪያውኑም አልገቡም።

ዘጠኝ ዓመት ኩሽና ውስጥ የሸሸችው ፊት ከነጉንጩ መጥቶ ከፊቷ ቆመ። አዝማቹን አንድ ጊዜ ደገምን፤ አልመጣም። ሃኑስ ከማዶ በአፉ ብቻ «ዝለያቸው! ዝለያቸው!» ይላል።

ማላን ግን አልዘለለችም። የያዘቻቸውን ሁለት እጆች ወደ ላይ አንሥታ ወለሉን ደቃች። ያለ ቃል። ሁለት ወደ ግራ፣ አንድ ወደ ቀኝ፤ የአንድ አንጓ ልክ፣ አፏን ዘግታ፣ እንባዋ በአንገቷ እየወረደ። ልኩ ሲሞላ «ቅዘፉ!» ብላ አዝማቹን አነሣች። እኛም ግራ ገብቶን ተቀበልን።

አንዳንዱ ሳቀ፣ ረሳች ብሎ። ሁለተኛውን ባዶ አንጓ ስትጀምር ግን ሳቁ ቆመ። ሰማንያ ሰው አፉን ዘግቶ በእግሩ ብቻ ሄደ፤ እንዲያ ያለ ድምፅ በዚያ አዳራሽ ሰምቼ አላውቅም። በሦስተኛው ላይ ሁላችንም ዳንያልን ማየት ጀመርን። እግሩ አልቆመም። ኳ፣ ኳ እያደረገ አልቆጠረባትም። ግራ እግሩ ከኛ ጋር፣ ከእርምጃችን እኩል ይመታል፤ ፊቱ ሁሉ ረጥቧል።

ሰባ አምስተኛውን ስታወርድ ድምፅዋ ጣሪያ ነካ፦

«ሸራውን ሰቅሎ ኡልቫር ነፋሱን ጠራው በስሙ፣
ከኋላው የቀሩት ሁሉ ዳር ላይ እንደ ድንጋይ ቆሙ!»

ከዚያ እስከ መቶ አሥራ ሁለት ማን ያቆማታል! ስንጨርስ ሰው ሁሉ አግዳሚ ላይ ተዘረጋ። የደረቀ የበግ ሥጋውና የሩባርብ ኬኩ ወጣ። ሃኑስ ላቡን እየጠረገ መጣ።

«እንግዲህ ረስተሻቸው ነው አይደል?»

«አልረሳሁም። ሰምቻቸውም አላውቅ» አለች ማላን፣ ሰው ሁሉ እየሰማ። «ባሌን ሳይ ነበር።»

ዮሂልድ ፊቷን በሸሚዟ እጅጌ ሸፈነች። ማላን ግን ገና አልጨረሰችም፤ አግዳሚው ላይ ወጣችና ድምፅዋን ከፍ አደረገች።

«ሦስቱ ያሉት ሰው ካለ እስከ ከርሞ ያምጣ፣ እጁን እስማለሁ! እስኪመጣ ድረስ ግን እንደ ዛሬው በእግራችን እናልፋቸዋለን። ማንም እንዳይዘልላቸው! የሚዘልል ሰው እኔን ዘልሎ ነው!»

ይኸው አራት ዓመት ሆነ፣ ያመጣ የለም። ኡልቫርን አሁንም የምታወርደው እሷ ናት። ሰባ አንድ ሲያልቅ አፋችንን ዘግተን እንረግጣለን፤ ሃኑስ እንኳ አይቸኩልም። በዚያ ሦስት አንጓ ውስጥ ማላን ወደ ምድጃውና መስኮቱ መሃል ታያለች። ሌላውም ሰው ያሻውን ያያል። እኔም የማየው ሰው አለኝ።