የልጄ ባል ያመጣው ታጣፊ ላፕቶፕ

የልጄን ባል አልወደውም። እሱም ያውቃል፤ ተነጋግረንበት ግን አናውቅም። ስለዚህ ከባሕር ዳር አንድ ቀጭን ካርቶን በብብቱ ይዞ ሲገባ፣ ውስጡ ያለውን ገና ሳላይ ጠላሁት።

ልጄ ደብረ ታቦር ፍርድ ቤቱ አጠገብ፣ በረንዳ ላይ ማመልከቻ ትጽፋለች። ከጉና ሥር የመጣ ገበሬ የድንበር ክርክሩን፣ ከሐሙሲት የመጣ ነጋዴ የውል ጉዳዩን ይነግራታል፤ እሷ ጽፋ አትማ ትሰጠዋለች። ትልቁ ኮምፒውተሯ መብራት ሄዶ ሲመለስ ተቃጠለ። በዚያው በረንዳ ሌሎች ሁለት ጸሐፊዎች አሉ፣ ባለጉዳይም ቆሞ አይጠብቅም። የበረንዳው አከራዮች፣ ሥራ ካልጀመረች ጠረጴዛዋን ለሌላ ሊሰጡባት እንደሆነ ነግረዋታል።

የልጄ ባል ካርቶኑን ከፈተ። ከደብተር ብዙም የማይበልጥ ላፕቶፕ ነው። ክዳኑን ወደ ኋላ ሲገለብጠው እንደ ድንኳን ቆመ። ጨርሶ ሲያጥፈው እንደ ተማሪ ሰሌዳ ሆነ፣ በጣት እየተነካም ይታዘዛል።

«ለሥራም ለጌምም ይሆናል» አለ።

«ሥራው የማን ነው? ጌሙስ የማን?»

«እማማ ደግሞ! ቀን እሷ ትሠራበታለች፤ ማታ እኔ ትንሽ ኳስ እጫወትበታለሁ። ምን ይጎዳል?»

«ቀን ያረሰ በሬ ማታ አይጋለብም።»

«ይኼ በሬ አይደለማ!»

ሻጩ የሦስት ቀን መሞከሪያ ሰጥቶታል፤ ካልተስማማን ይመለሳል። «እንግዲያ አንቱ ይፍረዱ፤ የታይፕ ሰው አይደሉ?» አለኝ እየሳቀ። ጡረታ እስክወጣ ድረስ በአንድ መሥሪያ ቤት የአማርኛ ታይፕ ስመታ ኖሬያለሁ። ሊያሾፍብኝ እንደተናገረው ገብቶኛል። እፈርዳለሁ አልኩ። የልጄ ዐይን ቁልፎቹ ላይ ነበር።

አባቴ በቅሎ ሲገዛ ጥርሷን አይቶ አይወስንም ነበር። ጭኖ የጉናን ዳገት ያስወጣታል፤ ጭነቱ ሲወርድ ጀርባዋን በመዳፉ ይዳስሳል። ሌላው ሁሉ የሻጭ ወሬ ነው ይል ነበር። እኔም በማግስቱ ከልጄ ጋር በረንዳው ላይ ተቀመጥኩ።

ቁልፎቹ ተጠጋግተዋል፤ የእኔ ጣት ሁለቱን ባንድ ጊዜ ይመታል። የአማርኛ ፊደል አልተጻፈባቸውም፤ ልጄ ግን የእንግሊዝኛውን እየነካች አማርኛውን ታወጣለች። ረፋዱ ላይ ፀሐይ በረንዳውን ስታገኘው ስክሪኑ መስተዋት ሆነ፤ ከማመልከቻው ይልቅ የገዛ ፊቴን አየሁ። መብራት ሦስት ሰዓት ላይ ሄደ። ዕቃው እስከ ስምንት ሰዓት አልጠፋም፤ ልጄ እየጻፈች አከማችታ መብራት ሲመለስ አተመች።

አንድ ነገር ደግሞ ሳልወድ ልመስክር። አንድ የገጠር ቄስ ስለ እርሻቸው ድንበር ሊያስጽፉ መጡ። ልጄ ስትጨርስ ስክሪኑን ወደ ኋላ ገልብጣ ወደ እሳቸው አዞረችው። ቄሱ መነጽራቸውን አድርገው ጮክ ብለው አነበቡ።

«የለም ልጄ፣ ወንዙ በምሥራቅ ነው። በምዕራብ ካልሽውማ መሬቴን ለባላጋራዬ ሰጠሽው!»

ድሮ እንዲህ ያለውን ስሕተት የምናውቀው ወረቀቱ ከታተመ በኋላ፣ አንዳንዴም ዳኛ ፊት ከደረሰ በኋላ ነበር።

ማምሻውን የልጄ ባል ዕቃውን ድንኳን አድርጎ አቆመና መጫወቻ እጀታውን ይዞ ኳሱን ጀመረ። ላፕቶፑ እንደ ወፍጮ አጓራ።

«ምን ሆነ?» አልኩ።

«ማራገቢያው ነው፣ እማማ። ሲከብደው መተንፈስ አለበት።»

«ከልጄ ጋር ሲውል እንዲህ አልጮኸም።»

«ማመልከቻ ምን ይከብዳል?» አለ፣ ከስክሪኑ ሳይነቀል።

በሁለተኛው ቀን ምሳ በልተን ስናበቃ፣ ዕቃው ላይ አዲስ ጌም ማውረድ አስጀምሮ እንደበራ ጠረጴዛ ላይ ጥሎት ወጣ። ልጄ ለአፍታ ጋደም አለች። ቤታችን መንገድ ዳር ስለሆነ አቧራ አይጠፋም፤ በእኔ ቤት ሬዲዮም ቴሌቪዥንም ሳይሸፈን አይቀመጥም። የቴሌቪዥኑን ዳንቴል አመጣሁ። በሱፍ ክር የተሠራ ወፍራም ነው። ለላፕቶፑ ስለሰፋ ሁለት እጥፍ አድርጌ ከላይ እስከ ታች አለበስኩት። ልጄ ወደ ሥራ ልትመለስ ስትነሣ እኔው ገፈፍኩላት።

ዕቃው ጠፍቷል። ብትጫነውም አልበራ። ሥሩ እንደ ምጣድ ያቃጥል ነበር። በረንዳው ላይ የሚጠብቃት ባለጉዳይ ሰዓቱ ሲደርስበት ወደ ጎረቤቷ ጸሐፊ ሄደ።

የልጄ ባል ሲመጣ፣ «ይመለስ» አልኩት። «ጌም ሲሸከም የሚወድቅ፣ ሥራ አያሠራም።»

«ምን አድርገውበት ነው?»

«እኔ ምን አደርገዋለሁ? ጌም የጫንክበት አንተ!»

«ከመጀመሪያውም አልፈለጉትም!»

«አዎ፣ አልፈለግኩትም።»

ልጄ በመካከላችን ተቀምጣ ከቁልፍ ቀለበቷ አንድ ቁልፍ ታወጣ ነበር። የበረንዳው ጠረጴዛ መሳቢያ ቁልፍ ነው። ለአከራዮቿ ልትመልሰው ነበር።

እሱ ከወጣ በኋላ ዳንቴሉን ላጥፈው አነሣሁት። የውስጠኛው እጥፍ ገና ይሞቅ ነበር፣ ካውያ ያለፈበት ያህል። መተንፈስ አለበት ያለው ትዝ አለኝ። አጥፌ አስቀመጥኩት፤ ለማንም አልተናገርኩም። ያ ሰው ልክ ሆኖ ከሚገኝ ዕቃው ቢመለስ ይሻለኝ ነበር። ይህን ስጽፍ አላፍርበትም ማለት አልችልም።

በሦስተኛው ቀን ጠዋት ላፕቶፑ ቀዝቅዞ አድሮ ስለነበር በራ። እሱ ግን ተናድዶ ስለነበር ካርቶኑ ውስጥ ከትቶት ወደ ባሕር ዳር ሊሄድ ተነሣ። ልጄ ቁልፉን በወረቀት ጠቅልላ ቆማለች።

«አውጣው» አልኩት። «ኳስህን ተጫወት።»

«ምን?»

«ተጫወት። ሳታቋርጥ።»

«እማማ፣ ያሾፋሉ? ሚኒባሱ ሊሄድብኝ ነው እኮ!»

«ይሂድ።»

የእጅ ሰዓቴን አውልቄ ጠረጴዛው ላይ አስቀመጥኩ። አንድ ሙሉ ሰዓት አጫወትኩት፤ እያጉረመረመ ተጫወተ። ዕቃው አጓራ፣ ጋለ፣ ግን አልጠፋም። እጄን ከሥሩ ሰድጄ ዳሰስኩት። ጭነቷን ያወረደች በቅሎ ጀርባ ያህል ይሞቃል፤ ከዚያ አያልፍም።

«ይቆይ» አልኩ። «ትናንት ያጠፋሁት እኔ ነኝ። ዳንቴል አልብሼው ነበር።»

እሱ ሳቁን ለቀቀው። «ብርዱ አሳዝኖዎት ነው? ጋቢም ቢደርቡለት ኖሮ!»

«ላንተ አልተናገርኩም» አልኩት። «ለእሷ ነው።»

ልጄ አየችኝ። ወረቀቱን ፈትታ ቁልፉን ወደ ቀለበቱ መለሰች። ከዚያ ከጨዋታው መካከል ላፕቶፑን ከፊቱ አንሥታ አጠፈችው፣ ቦርሳዋ ውስጥ ከተተችውና ወጣች።

«ኧረ! ላገባ ነበር እኮ!» ብሎ ጮኸ ከኋላዋ።

መጫወቻ እጀታው በእጁ ቀረ። እኔ ጠረጴዛውን መወልወል ጀመርኩ፤ ክርኑን እንዲያነሣ በጨርቁ ጎሸም አደረግኩት።