ሁለት ቋጠሮ ያለው ሲባጎ

«ቁመታቸውን በወረቀት ጽፈሽ አምጪ፤ ሰው ቤት እየሄዱ መለካት ቀርቷል፣ አንቺ ልጅ» አለኝ የአናጺዎች ማኅበሩ ሊቀመንበር፣ ዓይን ዓይኔን እያየ። የሄድኩት ለአጎቴ የሬሳ ሳጥን ላሠራ ነው። አጎቴ የዚያው ማኅበር አናጺ ነበሩ።

ማኅበሩ ከመቋቋሙ በፊት የናዝሬት ሰው በቀጥታ ቤቱ ይጠራቸው ነበር። አልጋ ሲታዘዙ የሚተኛበትን ሰው አጋድመው በሲባጎ ይለኩና ጫፉን ይቋጥሩታል። «ሰውየውን ሳላይ እንጨት አልቆርጥም» ይሉ ነበር። ኋላ ትእዛዙ ሁሉ በቢሮ በኩል፣ በወረቀት ሆነ። አንድ ቀን የሠሩት አልጋ አጥሮ ተመለሰ። የተወቀሱት ልኩን የጻፈው ሳይሆን እሳቸው ናቸው።

«ጋሼ፣ ለምን ጥለው አይወጡም?» አልኳቸው።

«ወጥቼስ? ጣውላ የሚታደለው ለማኅበር ብቻ ነው። በጣውላ ፈንታ ጥርሴን ልቁረጥ? በይ ዝም በይ!»

እኔ ዝም አልልም፤ ዝም ያሉት እሳቸው ናቸው። ሲባጎው ከአልጋቸው በላይ ምስማር ላይ ተሰቅሎ ቀረ። ዛሬ ምስማሩ ባዶ ነው፤ ሳየው ያንገበግበኛል።

ሳጥኑን ላሠራ የሄድኩ ቀን እኔም ሌላ መሄጃ አልነበረኝም። «ጓድ ሊቀመንበር፣ ስንት ዘመን አብረዋችሁ ሠርተዋል፤ ከመሃላችሁ አንድ ሰው መጥቶ ቢያያቸው ምናለ?» አልኩት።

«ደንብ ነው» አለና ወረቀትና እርሳስ ገፋ አደረገልኝ።

ጠዋት ከምስማሩ አውርጄ፣ የእሳቸውን ቁመትና የትከሻ ስፋት ለክቼ ሁለት ቦታ የቋጠርኩትን ሲባጎ ከነጠላዬ ጫፍ ፈታሁት። ባዶው ወረቀት ላይ አስቀመጥኩለትና ወጣሁ።