እግሯን ያንጠለጠለችው ዳክዬ

ከማለዲን ደሴ ላይ የዶሮ ነጋዴ ልጅ ሆኖ ሲያድግ፣ ልቡ ከዶሮዎቹ በላይ በሚያልፉት ወፎች ተነጥቆ ቀረ። ኦክላንድ ገብቶ ሃያ ዓመት ታክሲ ከነዳ በኋላ፣ አላሜዳ ከሚኖሩ አንድ ሽማግሌ ሙያ ተማረ፤ የሞተ ወፍ ቆዳ ገፎ፣ ገላውን ከጠጣር ፎም ቀርጾ፣ ክንፉን በሽቦ ዘርግቶ ከጣሪያ ሥር የሚንሳፈፍ ማስመሰል። ቤቱ ጋራዥ ውስጥ ሲሠራ ያንጎራጉራል፤ ግጥሙም የራሱ ነው፦

ክንፍሽን ዘርጊና በሪልኝ በሰማይ፣
እኔ ባልበር እንኳ ዓይኔ አይከተል ወይ።

ሚስቱን ዙህራን ግን ግጥም አያታልላትም። ከፍሪዘሯ ሥጋ አወጣለሁ ብላ የዳክዬ አንገት ከጨበጠች ወዲህ ቃል አስገብታዋለች።

«አቦይ ኣንደማርያም ዳክዬዋን ሪጀክት ካደረጉ ጋራዡ ይዘጋል። ፉል ታይም ታክሲህን ትነዳለህ። ዲል?»

«ዲል» አለ፣ ድምፁ እንደላላ የክራር ክር ሆኖ።

አቦይ ኣንደማርያም ሳን ሆዜ ካፌ ያላቸው ኤርትራዊ አዛውንት ናቸው። ዳክዬዋን ራሳቸው በጠመንጃ አድነው፣ እየበረረች እንድትሰቀልላቸው አዘዙ። ቅዳሜ ጠዋት ከማለዲን መሰላል ወጥቶ በዓሣ ማጥመጃ ክር ከጣሪያው ሰቀላት። ዙህራም ዲሏን ልታስከብር አብራው መጥታለች። ካፌ ውስጥ ያለው ሁሉ ቀና አለ፤ ክንፏ ተዘርግቷል፣ አንገቷ ተመዟል፣ ላባዋ ያበራል። አቦይ መነጽራቸውን አደረጉ።

«ኣንታ ከማል፣ እግሯ ምን ሆኖ ነው?»

«ምን ሆነ አቦይ?»

«ተንጠልጥሏላ! የምትበር ዳክዬ እግሯን ወደ ኋላ ሰብስባ ጭራዋ ሥር ትከታለች። ይቺ ከቆጥ የምትወርድ ዶሮ ናት!»

ካፌው በሳቅ ፈረሰ። ከማለዲንን ላብ አጠመቀው። እውነታቸውን ነው፤ እግሯን የሠራው እያንጎራጎረ፣ የአባቱ ዶሮዎች ከቆጥ ሲወርዱ እያሰበ ነበር። አሁን ቆዳው ደርቋል፤ ላጥፈው ቢል ቀንጠስ ይላል።

«አልወስዳትም» አሉ አቦይ።

ጋራዡ ሲዘጋ በዓይኑ ዞረ። ዙህራ ግን ደስ ሊላት ሲገባ ዳክዬዋ ላይ አፍጥጣ ቀረች። ያደገችው ወሎ፣ ሐይቅ ዳር ነው።

«አቦይ፣ ይቅርታ ያድርጉልኝ፤ እኔ የሐይቅ ልጅ ነኝ። ይቺኮ እየበረረች አይደለም፣ ውሃ ላይ ልታርፍ ነው። ጥፋቱ አሰቃቀሉ ላይ ነው። አንተ፣ ምን ይገትርሃል? የፊቱን ክር አሳጥር፣ የኋላውን ልቀቅ!»

እንዳለችው አደረገ። ደረቷ ቀና፣ ጭራዋ ዝቅ፣ እግሮቿ ወደ ፊት አሉ። ከሥሯ የተቀመጠው ሰውዬ ውሃ የሚረጭ መስሎት ማኪያቶውን በመዳፉ ከደነ።

አቦይ ሰውዬውን አዩ፣ ዳክዬዋን አዩ። «እሺ፣ እዚሁ ትሁን። አንዲት ዝይም አለችኝ። እሷ ግን እንድታርፍ አልፈልግም፣ ትብረር!»

ከማለዲን አፉን ሳይከፍት ዙህራ ቀደመችው።

«እንወስዳታለን አቦይ። እግሯ ግን እኔ ሳላየው አይደርቅም።»