የአባቴ መዶሻ በሂንዱ ቤተ መቅደስ

ይህን በማውራቴ ታላላቆቼን አስቀድሜ ይቅርታ እጠይቃለሁ፤ ንዴቱ ግን እስካሁን አልወጣልኝም።

እንደ ፈረንጆቹ በ2021 ጋሼ በላቸው ልጃቸውን እንዲሰጡኝ ሽማግሌ ብልክ፣ «ለቀጥቃጭ ልጅ አልድርም» ብለው መለሱልኝ። እውነት ነው፣ አባቴ ብረት ቀጥቃጭ ነበር። እሳቸው የጨዋ ልጅ ናቸውና ምን እላለሁ? እዚህ ፈረንጅ አገር፣ ግሮቭ ሲቲ፣ አንድ የዕቃ ዌርሃውስ ውስጥ ስለምንሠራ ጠዋት ጠዋት ጎንበስ ብዬ ሰላም እላቸዋለሁ።

በዚያው ሰሞን ህንዳዊው ባልደረባችን ራሜሽ፣ የአናጺ ዘር ነው፣ የሺፍታችንን ሠራተኛ በሙሉ ወደ ቤተ መቅደሳቸው ጋበዘ። የእነሱ ባለእጆች በዓመት አንድ ቀን መሣሪያቸውን ከሥራ አሳርፈው፣ አበባ አድርገው ይሰግዱለታል። «የአባቶቻችሁን መሣሪያ ይዛችሁ ኑ» አለን።

የአባቴን መዶሻ ይዤ ሄድኩ። በአገሬ ሰው ያሰደበኝ ብረት እዚህ የአበባ ጉንጉን ሲደረግለት ሳይ ደሜ ፈላ።

ከጎኔ አንድ ማስክ ያደረጉ አዛውንት ከጃኬታቸው የሸማኔ መወርወሪያ አውጥተው ከመዶሻዬ አጠገብ አስቀመጡ። ቀና ብዬ ሳይ ጋሼ በላቸው ናቸው።

«የአባቴ ነው» አሉ በሹክሹክታ። «ለማንም እንዳትናገር።»

«እንግዲያው ልጅዎትን ይሰጡኛላ፣ ጋሼ?»

«ሸማኔን ከቀጥቃጭ ምን አገናኘው?» አሉኝ፣ መወርወሪያቸውን ከመዶሻዬ ራቅ እያደረጉ።

እኔ አደራቸውን ጠብቄ ለማንም አልተነፈስኩም። እናንተም አደራ፣ በተለይ ቸርች ውስጥ እንዳታወሩት።