የሰኞው ግማሽ ሰዓት

«አባ መብራት» የኔ ስም ነበር። እናቴ አይደለችም ያወጣችልኝ፤ ባለሱቁ፣ ፀጉር አስተካካዩ፣ መንገደኛው ነው። ሃያ ስድስት ዓመት ሙሉ የከተማው መብራት የሚመጣው እኔ ከማስነሳው የናፍጣ ጄኔሬተር ነበርና አምፖል በበራ ቁጥር ሰው ስሜን ያነሳል። ሲጠፋም ያነሳኝ ነበር፤ እሱን እንተወው።

ከዚያ የጋዝ ቧንቧው መጣ። ከከተማው ዳር የተፈጥሮ ጋዝ እያቃጠለ ተርባይን የሚያዞር ማመንጫ ተተከለ፤ ብቻውን ለሰባት ከተማ የሚበቃ። በበጋ የግድቡ ውሃ ሲጎድል፣ አመሻሽ ላይ ሁሉም ምድጃውን ሲያበራ፣ አካባቢው በሙሉ የሚያንጋጥጠው ወደሱ ነው። የኔ ጄኔሬተር ለቁርጥራጭ ብረት ተሸጠ። በአዲሱ መቆጣጠሪያ ክፍል፣ ከመስታወቱ ኋላ፣ ቀዝቃዛ አየር በሚነፍስበት ወንበር ላይስ ማን ተቀመጠ? ታናሽ ወንድሜ። መፍቻ አያያዝ ያስተማርኩት፣ ደብተሩን በጋዜጣ የሸፈንኩለት ወንድሜ። ወር ሳይሞላ ባለሱቁ «አባ መብራት፣ እንዴት ዋልክ?» ሲል አቤት ልል ዞርኩ። ለካ የጠራው ከኋላዬ የሚመጣውን እሱን ኖሯል። ቆሽቴ አረረ። እናታችን እንኳ ጎረቤት ፊት «ሰባት ከተማ የሚያበራው ልጄ» ትላለች፤ አንድ ብቻ የወለደች ይመስል። እኔ ሌላ ምንም አልፈለግኩም፤ ስሜ ይመለስልኝ ነው ያልኩት።

እኔን ከማመንጫው ጓሮ መደቡኝ። እዚያ አንዲት ትንሽ የናፍጣ ጄኔሬተር አለች። ተርባይኑ ያን ሁሉ ጉልበት ይዞ በራሱ መነሳት አይችልም፤ ማስነሻ ሞተሩና የዘይት ፓምፑ ከውጭ መስመር ኃይል ይፈልጋሉ። መስመሩ ጭልጥ ብሎ ከጠፋ የምትቀሰቅሰው ይቺ ትንሿ ናት። ስለዚህ ሰኞ ሰኞ ለግማሽ ሰዓት አስነስቻት መዝገቡ ላይ «ሠርታለች» ብዬ መፈረም አለብኝ።

መጀመሪያ ላይ በደንብ እሠራ ነበር። በኋላ ግን ትልቁ እያጓራ የትንሿን ድምፅ ማን ይሰማል? ብትነሳ ባትነሳ ዞር ብሎ የሚያየኝ የለም። እናም ግማሽ ሰዓቱን ከውሃ ታንከሩ ጥላ ሥር ተቀምጬ በመስታወቱ ወንድሜን ማየት ያዝኩ። ሻይ ሲጠጣ፣ ሲስቅ፣ አለቃው ትከሻውን መታ መታ ሲያደርገው አያለሁ፤ እርር ድብን እላለሁ፤ ከዚያ ገብቼ እፈርማለሁ። አሥራ ሦስት ሰኞ እንዲህ አለፈ።

አንድ ሐሙስ፣ ከቀኑ ዘጠኝ ሰዓት ላይ የውጭው መስመር ወደቀ። ተርባይኑም አብሮ ቆመ፤ ሰባቱም ከተማ ድርግም አሉ። ክፉ ሰው ነኝ መሰል፣ መጀመሪያ ደስ ነው ያለኝ። አሁን ይለምነኛል አልኩ። እውነትም እየሮጠ መጥቶ እንድቀሰቅስለት ለመነኝ። ደረቴን ነፍቼ ቁልፉን ጫንኩ። ጠቅ ብላ ዝም አለች። ደግሜ ጫንኩ፤ አሁንም ጠቅ። ሳትነሳ ስለከረመች ባትሪዎቿ ሞተዋል።

መሬት ተከፍታ ብትውጠኝ ደስ ባለኝ። በር ላይ ወደቆመው የሠራተኛ ማመላለሻ አውቶብስ ሮጥኩ፤ ወንድሜም ተከተለኝ። የአውቶብሱን ሁለት ባትሪዎች ፈታሁና አንዱን እሱ፣ አንዱን እኔ ተሸክመን ተመለስን። ነጭ ሸሚዙ ግሪስ በግሪስ ሆነ። እኔ ገመዱን ሳስር እሱ አጠገቤ ቁጢጥ ብሎ መዝገቡን አገላበጠ።

«ጋሼ፣ ሰኞ ሰኞ የት ነበርክ?» አለኝ።

ውሸት አልመጣልኝም። «እዚያ ጥላው ሥር ነበርኩ። አንተን ሳይህ» አልኩት።

መዝገቡን ዘግቶ አጠገቤ አስቀመጠው። ትንሿ ስትነሳ ወደ ክፍሉ ሮጠ፤ ተርባይኑ ተነሳ፤ ከተሞቹም ተራ በተራ በሩ።

ሥራ አስኪያጁ ለምን እንደዘገየን ሊጠይቅ መጣ። አፌን ሳልከፍት ወንድሜ ቀደመኝ። ባትሪዎቹ ማርጀታቸውን፣ አዲስ ይገዛ ብሎ ማመልከት የረሳውም እሱ ራሱ መሆኑን ነገረው።

«የአውቶብሱን ባትሪ ያሰበው ጋሼ ነው» አለ። «ዛሬ ሰባቱንም ያበራው እሱ ነው።»

ጥፋቱን ለራሱ ወሰደ፤ ምስጋናውን ለኔ ሰጠ። ለእናታችንም ይህንኑ ነገራት፤ እሷ ደግሞ ለሰፈሩ። የእናታችን ወሬ መስመርም ምሰሶም አይፈልግም።

አሁን ሰኞ ሰኞ ትንሿን ሳላጓድል አስነሳታለሁ። ስሜም ተመልሶልኛል፤ ግን የተመለሰልኝ በሱ እጅ ነው። በፊት የምቀናው በወንበሩ ነበር፤ ዛሬ የምቀናው በልቡ ነው፤ ይሄኛው ደግሞ ይብሳል። ባለሱቁ «አባ መብራት!» ብሎ ሲጣራ፣ አቤት ከማለቴ በፊት ወንድሜ ከኋላዬ እየመጣ እንደሆነ ዞር ብዬ አያለሁ።