የጌሾው ሥር አመድ

በ1979 ዓ.ም. ክረምት ነው። ዛሬም ክብሪት ስጭር፣ የድኙ ሽታ አፍንጫዬ ሲገባ ያ ነሐሴ ይመጣብኛል።

ከሐይቅ ከተማ ወጣ ብሎ፣ ከቤታችን በላይ የጡብ ምድጃ ተሠርቶ ነበር። የሚነደው ከአምባሰል በኩል በመኪና በሚመጣ የድንጋይ ከሰል ነው። ድኝ ድኝ የሚሸተው ጢሱ በዝናብ ቀን ወደ ላይ አይወጣም፤ ጓሯችን ላይ ይተኛል። የዋንዛው ቅጠል ነጠብጣብ አውጥቶ ያለጊዜው ረገፈ። ጡቡ ለቀበሌው አዳራሽ ነበርና ስለ ጢሱ ጮክ ብሎ የሚያወራ አልነበረም።

እናቴ የምትሳሳው ለጌሾዋ ነው። ልጅ ሆኜ ከከባድ ሕመም ስድን፣ በእግር ወደ ግሸን የሚያልፉትን ተሳላሚዎች በየዓመቱ ጠላ ላጠጣ ብላ ለማርያም ተስላለች። ጌሾው ሲገረጣባት ፈራች። አመድ ለጓሮ ተክል ደግ መሆኑን ከእናቷ ታውቃለች። ከጡብ ምድጃው በቅርጫት ተሸክማ በየሥሩ አለበሰችው። ዝናብ ወረደበት። በሳምንቱ የቅጠሉ ጠርዝ ተለብልቦ ጠቆረ።

አጥር የሚለየን ሙስሊሟ ጎረቤታችን መጥታ አፈሩን በጣቷ አሸችው።

“ይሄ የእንጨት አመድ አይደለም፣ እህቴ። ድንጋይ ነው የነደደው። ጎመኔን የጨረሰው እሱ ነው።”

“ስለቴስ?” አለች እናቴ።

“አብሽሪ። ካጣሽ እኔ ቀሪቦ እጠምቅላቸዋለሁ። ሳይሰክሩ ግሸን ይገባሉ።”

እናቴ ልትስቅ ብላ ቀና አለች። አምባሰል በደመና ጠቁሯል። ዝናቡ ከቀደመን የቀረውም አመድ ይሰርጋል። ሦስታችንም ተንበርክከን በእጃችን እየቧጠጥን ከአጥር ውጪ እናወጣ ጀመር። አመዱ ጥፍሬ ሥር ያቃጥላል። አዛን ተሰማ።

“ሂጂ፣ ስገጂ።”

“ይቺን ሥር ልጨርስ። አላህ ያያል።”

ከዚያ ሄደች፤ ሰግዳ ስትመለስ ከራሷ ጓሮ ጥቁር አፈር በነጠላዋ ቋጥራ ይዛ ነበር። አንዷን ጌሾ እንዳለበስናት ዝናቡ ወረደ። ለሌሎቹ አልደረስንም።

የተረፈችው ያቺው ነች። ለመስከረሙ ጠላ በቃች፤ ተመስገን። ዛሬ ሁለቱም እናቶች የሉም።

ያኔ፣ አፈሩን ባለበስን ማግስት ጠዋት፣ ዝናቡ አባርቶ የምድጃው ጥላሸት ቅጠሉ ላይ እንደገና ወርዶ አገኘሁት። እርጥብ ጨርቅ ይዤ የጌሾዋን ቅጠሎች አንድ በአንድ ጠረግሁ። ከዚያ ጨርቁን አጠብሁና አጥሩን ተሻግሬ የጎረቤታችንን ሎሚ መጥረግ ጀመርሁ።