ፈረሱን ያምጡልኝ

ባለፈው ቅዳሜ፣ አሜሪካ፣ ዴንቨር አጠገብ ባለችው አውሮራ ከተማ አማርኛ በማስተምርበት የቤተ ክርስቲያን አዳራሽ፣ ናታን የሚባል ተማሪዬ እጁን አወጣ። «ቲቸር፣ ለ‹ዩ› ይሄ ሁሉ ወርድ ለምንድን ነው?» አለኝ። ሰሌዳው ላይ አንተ፣ አንቺ፣ እርስዎ ብዬ በሥርዓት ጽፌያለሁ። ማስረዳት ስለምወድ ወዲያው ልጀምር ነበር፤ ትዝ ያለኝ ግን ሰዋስው ሳይሆን የአክስቴ የዘነበች የካውቦይ ፊልም ነው።

የሃይስኩል ተማሪ ሳለሁ አክስቴ ዴንቨር መሃል ከተማ፣ ፓርኪንግ ውስጥ የደንበኞችን መኪና እያቆመችና እያመጣች ትሠራ ነበር። ከርካሽ ዕቃ መሸጫ የቆዩ ፊልሞችን በዲቪዲ ትለቅማለች፤ ሽፋኑ ላይ ሽጉጥ የታጠቀች ሴት ካለች ሌላ ነገር አትጠይቅም። ፊልሞቹ በትንሽ ገንዘብ የተሠሩ ስለነበሩ ያው አንድ ድንጋይ በየትዕይንቱ ይመላለሳል፤ ሸራ ላይ የተሳለው ተራራ ነፋስ ሲመጣ ይርገበገባል። በእኛ መስኮት ደግሞ እውነተኛው ተራራ የመጋቢት በረዶውን እንደለበሰ ይታያል። አስተርጓሚዋ እኔ ነበርኩ፤ ደሞዜም ሚጥሚጣ የተነሰነሰበት ፈንዲሻ።

አንድ እሑድ ከሰዓት አክስቴ ፈንዲሻውን ሳትነካው ቀረች። ሱፐርቫይዘር ሁኚ ተብላ፣ መልሷን ሰኞ ልትሰጥ ነው። ያስጨነቋት ጋሽ ታደሰ ናቸው፤ በዕድሜ አባቷ የሚሆኑ፣ ሥራውንም ያስተማሯት ሰው። እሳቸውን ከማዘዝ ሹመቱ ቢቀርብኝ ይሻላል ትል ነበር።

ፊልሙ ውስጥ ባሏ የሞተባት ሴት የከብት እርባታውን ተረክባ አንድ ሽማግሌ ሠራተኛ ታዛለች። «ፈረሱን አምጣልኝ» ብዬ ተረጎምኩ።

አክስቴ ፖዝ አደረገችው። «ያን ሽማግሌ አንተ አለችው?»

እንግሊዝኛ አንተንና እርስዎን እንደማይለይ በሰፊው አስረዳኋት።

«ካልለየማ አንተ ያልሽው አንቺ ነሻ።»

ፊልሙን ወደ ኋላ መልሼ፣ «ፈረሱን ያምጡልኝ» አልኩ። ሴትየዋ በዚያው ፊት፣ በዚያው ድምፅ አዘዘች። ሽማግሌውም ኮፍያቸውን ነካ አድርገው ሄዱ።

«እስቲ ድገሚው» አለችኝ። ደገምኩት። እጇን ወደ ፈንዲሻው ሰደደች።

ሹመቱን ተቀበለች። በመጀመሪያው ቀን፣ «ጋሼ፣ ነጯን መኪና ከላይኛው ፎቅ ያምጡልኝ» እንዳለቻቸው ቤት መጥታ ነገረችን። ጋሽ ታደሰ ቁልፉን ተቀብለው ትንሽ አይተዋት፣ «እሺ፣ እርስዎ ካሉ» አሏት። ከዚያ ወዲህ አክስቴ ለእሳቸው ሥራ ላይ እርስዎ፣ ወደ ቤት ሲመለሱ አውቶቡስ ውስጥ «አንቺ ልጅ» ነበረች።

ይህን ለተማሪዎቼ ስነግራቸው ናታን አልረካም። የፊልሙ ሴትዮ በትክክል የቱን ነው ያለችው አለኝ። አላውቅም አልኩት፤ አምጣና ያምጡ በእሷ ቋንቋ አንድ ናቸው፤ የመረጠችላት አክስቴ ናት።

ናታን ወደ ወለሉ አየ። እርሳሱ ተንከባልሎ ጠረጴዛዬ ሥር ገብቶ ነበር።

«ቲቸር፣ ያምጡልኝ» አለኝ።

ጎንበስ ብዬ አመጣሁለት።